ኮሪዶራስን በቤት ማርባት፦ ከአሸዋው እስከ ጫጩቱ

ኮሪዶራስ የአምባዛ ዘመድ የሆነ፣ ጢማም፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። በመንጋ ይኖራል፣ ከማንም አይጣላም፣ በቤት ውስጥም ይራባል። ያም ሆኖ ስለ እሱ የምሰማው ችግር ከሁለት አይወጣም። የመጀመሪያው፦ «2 ገዛሁ፣ ጢማቸው እያጠረ ሄዶ አለቀ፣ በወሩ ሞቱ።» ሁለተኛው፦ «እንቁላል ጣሉልኝ፣ ተፈለፈለም፣ ግን በ10ኛው ቀን አንድም ጫጩት አልቀረም።»

ሁለቱም ችግሮች የሚመጡት ከወለሉ ነው። ይህ ዓሣ የሚበላው፣ የሚያርፈው፣ ጫጩቱም የሚያድገው ወለል ላይ ነው። ቆሻሻው ሁሉ የሚወርደው ደግሞ እዚያው ነው። ውሃው ከላይ ሲታይ መጥራቱ ስለ ታችኛው 1 ሳንቲ ሜትር ምንም አይነግራችሁም። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳትዘሉ ተከተሉ፤ በተለይ ደረጃ 3ን እና ደረጃ 10ን።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ርዝመቱ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው ከ45 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ 60 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ አኳሪየም ከነክዳኑ
- የስፖንጅ ማጣሪያ ከነአየር ፓምፑ፣ ተጨማሪ የአየር ድንጋይ (ከፓምፑ የሚመጣውን አየር በደቃቅ አረፋ የሚረጭ)፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ
- ቴርሞሜትር፤ የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬትና የፒኤች (የውሃው አሲዳማነት ልክ) መለኪያ
- ሳሙና ነክቷቸው የማያውቅ 2 ባልዲዎችና ውሃ ማሳደሪያ በርሜል ወይም ትልቅ ጄሪካን
- 1 ሜትር ተኩል ያህል ቀጭን ቱቦ፣ መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ
- ለእንቁላልና ለጫጩት ከ3 እስከ 5 ሊትር የሚይዙ 2 የፕላስቲክ ዕቃዎች

መለኪያው ውድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ዓሣ ከሚያረቡ ጓደኞቻችሁ ጋር ገንዘብ አዋጥታችሁ አንዱን በጋራ ተጠቀሙበት። ዓሣ የሚመርዘው አሞኒያ በዓይን አይታይም፤ ሳይለካ የሚጀመር ሥራ በጨለማ መሄድ ነው።

ደረጃ 1፦ ለቤታችሁ ሙቀት የሚስማማውን ዝርያ ምረጡ

ዝርያ የሚመረጠው በመልክ ሳይሆን በክፍላችሁ ሙቀት ነው።

አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከተማ የምትኖሩና ማሞቂያ የሌላችሁ ኮሪዶራስ ፓሌያተስን ፈልጉ። ግራጫ ገላው ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉት፣ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ማሞቂያ ካላችሁ ወይም ክፍላችሁ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ከሆነ ኮሪዶራስ ኤኔውስን ያዙ፤ የነሐስ ቀለም ያለው እሱ ነው፣ ለጀማሪ ከሁሉም ይቀላል። በዱባይ ወይም በጅዳ ሆናችሁ ውሃችሁ በበጋ ከ27 ዲግሪ የማይወርድ ከሆነ ስተርባይ የተባለው ዝርያ ሙቀቱን ከሌሎቹ የተሻለ ይችላል። ፓንዳ የተባለውን ዝርያና 3 ሳንቲ ሜትር የማይሞላውን ፒግሜየስን ለሁለተኛ ዙር አቆዩአቸው።

ከአንድ ዝርያ ቢያንስ 6 ያዙ፤ 8 ወይም 10 ቢሆን ይሻላል። ከ3 ዝርያ ሁለት ሁለት መቀላቀል መንጋ አይሆንላችሁም፤ እያንዳንዱ የራሱን ዓይነት ይፈልጋል፣ ካላገኘ ቀኑን ሙሉ ተደብቆ ይውላል። ብዙዎች «ዓሣዬ አይንቀሳቀስም» የሚሉት ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቆሮሶ ጫጩት፣ ከወርቅ ዓሣ ወይም አፉ ትልቅ ከሆነ ማንኛውም ዓሣ ጋር አትቀላቅሉ። ኮሪዶራስ የጎንና የጀርባ ክንፉ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው፤ ሲደነግጥ እሾሁን ገትሮ ይቆልፈዋል። የዋጠው ትልቅ ዓሣ ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት ሁለቱም ይሞታሉ።

ደረጃ 2፦ አሸዋውን አዘጋጁ

ኮሪዶራስ አሸዋውን በአፉ አፍሶ ምግቡን ይለያል፣ የቀረውን በስንጥቡ በኩል ይረጫል። ስለዚህ ወለሉ ደቃቅና ጠርዙ የለሰለሰ አሸዋ መሆን አለበት። ሹል ጠጠር ጢሙን ያቆስላል፤ በጠጠሩ መካከል የሚበሰብሰው ምግብ ደግሞ ቁስሉን በባክቴሪያ ይበክለዋል። ጢሙን የሚጨርሱት ሁለቱ ተባብረው ነው።

1. የወንዝ አሸዋ ፈልጉ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ አሸዋ ጠርዙ ስለት ስለሆነ ተዉት።
2. እፍኝ አሸዋ አርጥባችሁ የእጃችሁ አንጓ ውስጠኛው ክፍል ላይ እሹት። ከቧጠጣችሁ ዓሣውንም ይቧጥጠዋል።
3. አንድ ማንኪያ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። አረፋ ካወጣ ኖራነት አለው፣ የውሃውን ፒኤች ከፍ ያደርጋል፤ ሌላ ፈልጉ።
4. በወንፊት ነፍታችሁ ትልልቁን አስወግዱ፤ ከዚያ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ በባልዲ እያማሰላችሁ እጠቡ። 10 እና 15 ጊዜ መታጠብ የተለመደ ነው።
5. 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አንጥፉ። ከዚያ በላይ ሲወፍር ከሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል።

አሸዋው ላይ መደበቂያ የሚሆን ለስላሳ ድንጋይ ወይም እንጨት አድርጉ፤ ግማሹን ወለል ግን ባዶ ተዉት። መንጋው የሚሰማራው እዚያ ነው።

ደረጃ 3፦ ማጣሪያው እስኪበስል ጠብቁ

አዲስ አኳሪየም ውሃው ቢጠራም ለዓሣ አልደረሰም። ከምግብና ከዓሣ ሽንት የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ስፖንጁ ላይ እስኪሰፍሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ውሃው 18 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ 8 ሳምንትም ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ዓሣው ከመምጣቱ በፊት ይህን አድርጉ፦

1. የቧንቧ ውሃ ቀድታችሁ ክሎሪኑን አስወጡ። ክዳኑን ከፍታችሁ 48 ሰዓት አሳድሩት፤ የአየር ድንጋይ ካስገባችሁበት 24 ሰዓት ይበቃዋል። ይህ የሚሠራው ለክሎሪን ብቻ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እንዳለው ውሃ በክሎራሚን የሚታከም ከሆነ ማሳደር አያስለቅቀውም፤ ክሎራሚንን የሚያከሽፍ ጠብታ ግዙ።
2. ማጣሪያውን አስነሡ፣ ቀንና ሌሊት ይሥራ።
3. በየቀኑ በጣት ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጨምሩ። ምግቡ ሲበሰብስ ለባክቴሪያዎቹ አሞኒያ ይሰጣቸዋል።
4. ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ3 ቀኑ ለኩ። አሞኒያው ይወጣና ይወርዳል፣ ከዚያ ናይትራይቱ ይወጣና ይወርዳል፣ በመጨረሻ ናይትሬት ይታያል።
5. ምግብ እየጨመራችሁ ለ5 ተከታታይ ቀናት አሞኒያም ናይትራይትም 0 ካሳዩ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። አኳሪየሙ ደርሷል።

ጊዜውን ማሳጠር ከፈለጋችሁ ጤነኛ ዓሣ ካለው ሰው ያገለገለ ስፖንጅ ለምኑና እርጥብ እንዳለ በአኳሪየሙ ውሃ ውስጥ ይዛችሁ መጥታችሁ ከእናንተው ማጣሪያ ጎን አስቀምጡት። በእኔ ልምድ ከዚህ የተሻለ አቋራጭ የለም።

*ለደጋ ነዋሪዎች።* አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በባሕር ዳርቻ ካለው ውሃ ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ «ለ60 ሊትር 15 ዓሣ» ቢላችሁ እናንተ ከ10 አትለፉ፤ የአየር ድንጋዩንም ሌሊት አታጥፉ።

*ስለ ፒኤች።* ከ6.5 እስከ 7.8 ባለው ውስጥ ከሆነ አትነካኩት። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጉድጓድ ውሃ ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል፤ ያኔ የዝናብ ውሃ ቀላቅሉ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ግን አትጠቀሙ። ዝናብ ከቆርቆሮው ላይ ዚንክ አጥቦ ያወርዳል፣ ዚንክ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ንጹሕ ላስቲክ ወጥራችሁ በቀጥታ ከሰማይ አጠራቅሙ።

ደረጃ 4፦ ገዝታችሁ አምጡ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ

ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ጢሙን እዩ። ሁለቱም ወገን ሙሉ መሆን አለበት። ሆዱ የተጣበቀ፣ ከሆዱ ሥር ቀይ የወጣበት ወይም ከወለል ሳይነሣ በፍጥነት የሚተነፍስ ካለ ከዚያ ገንዳ ምንም አትግዙ፤ ጤነኛ የሚመስለውም አብሮ ኖሯል።

መንገድ ላይ የተጨነቀ ኮሪዶራስ ከጎን ክንፉ ሥር ካለ ዕጢ መርዛማ ፈሳሽ ሊያወጣ ይችላል። ፈሳሹ በጠባብ ከረጢት ውስጥ መልሶ ራሱን ይመርዘዋል። ስለዚህ በአንድ ከረጢት ከ3 ወይም 4 በላይ አታስይዙ። ውሃው ላይ አረፋ ከተሠራና ዓሦቹ ከደነዘዙ የሚከተለውን የማለማመጃ ሂደት ተዉትና ወዲያው ወደ ንጹሕ ውሃ አሻግሯቸው።

ሁሉም ደህና ከሆነ፦

1. ከረጢቱን ሳትፈቱ 20 ደቂቃ አኳሪየሙ ላይ አንሳፍፉት።
2. ፍቱት፤ በየ10 ደቂቃው አንድ የቡና ሲኒ የአኳሪየም ውሃ ጨምሩበት፤ ለ1 ሰዓት ያህል።
3. ዓሦቹን ብቻ በፕላስቲክ ጎድጓዳ ዕቃ አንሥታችሁ ልቀቁ። የሱቁን ውሃ አትጨምሩ።
4. መብራቱን አጥፉ፤ እስከ ማግስቱ ምግብ አትስጡ።

መረብ ከተጠቀማችሁና እሾሁ ከተያዘ አትጎትቱ። መረቡን ውሃ ውስጥ ይዛችሁ ጠብቁ፤ ሲረጋጋ እሾሁን ራሱ ያጥፋል። ካልሆነ መረቡን በመቀስ ቁረጡ። ጣታችሁን ከወጋችሁ እንደ ንብ ይለበልባል፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ያስታግሰዋል።

ሌላ ዓሣ ካላችሁ አዲሶቹን ለ3 ሳምንት በተለየ ዕቃ አቆዩ።

ደረጃ 5፦ መግቡ፣ ወለሉን ጠብቁ

«የወደቀ ይለቅማል» የሚለው ምክር ብዙ ኮሪዶራስ በረሃብ ጨርሷል። ኩስ አይበላም፤ ከላይ ያሉት ዓሦች የተረፉትም አያጠግበው። የራሱን የሚሰጥም ምግብ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ስጡት፤ በ1 ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ መጠን ብቻ። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ትል ጨምሩ። የምድር ትል ታጥቦ በደቃቁ ሲከተፍ በጣም ይወደዋል፤ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ካልነካው አፈር ቆፍሩ። በክረምት ባልዲ ላይ የሚፈላው የወባ ትንኝ እጭም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን በየቀኑ እየጠለላችሁ ጨርሱት፣ ትንኝ ሆኖ እንዳይበርባችሁ።

በየሳምንቱ ከ25 እስከ 30 በመቶ ውሃ ቀይሩ። ቱቦውን ከአሸዋው ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ በሌላው እጃችሁ የላይኛውን አሸዋ በጣት ቀስ ብላችሁ አማስሉ፤ ቆሻሻው ሲነሣ ሳቡት። ስፖንጁን በወር አንዴ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ጭመቁ። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ገድሎ ወደ ደረጃ 3 ይመልሳችኋል።

ችግር ሲታይ፦

ዓሣው አልፎ አልፎ ወደ ላይ ተወርውሮ አየር ጎርሶ ቢመለስ አትደንግጡ። አየሩን ውጦ በአንጀቱ ኦክስጅን ይወስዳል፤ ለዚህም ነው በክዳኑና በውሃው መካከል 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ክፍተት የሚተውለት። መንጋው በሙሉ በየደቂቃው ከተመላለሰ ግን አሞኒያና ናይትራይት ለኩ፣ ግማሹን ውሃ ቀይሩ፣ አየር ጨምሩ።

ጢሙ ካጠረ ለ2 ሳምንት በየ2 ቀኑ 20 በመቶ ውሃ እየቀየራችሁ አሸዋውን አጽዱ። ሥሩ ካልጠፋ መልሶ ያድጋል።

መድኃኒት ማድረግ ግድ ከሆነ መዳብ ያለበትን ተዉ፣ ጨውም አትነስንሱ፤ ለሌሎች ዓሦች የሚበጀው የጨው መጠን ኮሪዶራስን ሊጎዳ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ

ማጣሪያው ሲቆም የመጀመሪያው ችግር ኦክስጅን ነው። በባትሪ የሚሠራውን ፓምፕ አስነሡ። ከሌላችሁ በየግማሽ ሰዓቱ ከአኳሪየሙ በኩባያ እየቀዳችሁ ከ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ መልሳችሁ አንቆርቁሩ። መብራቱ እስኪመጣ ምግብ አትስጡ። ስፖንጁ ገንዳው ውስጥ ክፍት ሆኖ ስላለ ለሰዓታት ይቆያል፤ ውጭ የሚቀመጥ ዝግ ማጣሪያ ያላችሁ ግን ከ3 ወይም 4 ሰዓት በላይ ከቆመ ውስጡ የተጠራቀመውን ውሃ ደፍታችሁ በአኳሪየም ውሃ ሳታለቀልቁ አታስነሡት። ውስጡ የሞተው ሁሉ ዓሦቹ ላይ ይፈስሳል።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ደግሞ በርሜላችሁ ሁልጊዜ የአኳሪየሙን ግማሽ የሚሞላ የተዘጋጀ ውሃ ይኑረው።

ደረጃ 6፦ ወንድና ሴት ለዩ

ከጎን ሳይሆን ከላይ እዩ። ሴቷ ትበልጣለች፣ ከጎን ክንፏ ጀርባ ሰፋ ብላ ትታያለች። ወንዱ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፤ የሆድ ክንፉም ሾል ይላል። ለመራባት 1 ዓመት ገደማ ይፈልጋሉ፤ ገና 3 ሳንቲ ሜትር የሆኑትን ገዝታችሁ ከሆነ ወራት መጠበቅ አለባችሁ። ለአንዲት ሴት 2 ወንድ መድቡ።

ደረጃ 7፦ ክረምቱን አምጡላቸው

ዓሦቹ በተፈጥሯቸው የሚራቡት ዝናብ ሲመጣ ነው፦ ምግብ ይበዛል፣ ውሃው ይጨምራል፣ ይቀዘቅዛል። እናንተም በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ለ10 ቀን ጠዋትና ማታ ትል የበዛበት ምግብ ስጡ። የሴቷ ሆድ ይሞላል።
2. በነዚህ ቀናት ውሃ የምትቀይሩት ቆሻሻ ለማውጣት ያህል ብቻ ይሁን።
3. በ11ኛው ቀን ማታ ግማሹን ውሃ ቅዱ። ክሎሪኑ በወጣለትና ከአኳሪየሙ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ውሃ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። ደጅ ያደረ ጄሪካን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ በቴርሞሜትር ሳታረጋግጡ ግን አትጨምሩ።
4. የአየሩን ፍሰት አጠንክሩ።
5. ለቀጣዮቹ 2 ቀናት 30 በመቶውን በተመሳሳይ መንገድ ቀይሩ።

ከባድ ዝናብ የሚጥልበትን ማታ ከመረጣችሁ የአየሩ ግፊት መውረዱ ያግዛል ይባላል። እኔ በሐምሌና በነሐሴ ያገኘሁትን ያህል እንቁላል በጥር አግኝቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወንዶቹ ሴቷን መከተል፣ እሷም መስታወቱን በአፏ ማጽዳት ከጀመረች ተሳክቷል። ሴቷ አፏን የወንዱ ሆድ ላይ ትለጥፋለች፣ ለአፍታ ሁለቱም ይደርቃሉ፤ ከዚያ የሆድ ክንፎቿን እንደ ኪስ አጥፋ ከ1 እስከ 4 እንቁላል ይዛ ሄዳ መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች። ይህ ለሰዓታት ይደጋገማል። አትጠጉ፣ እጃችሁንም አታስገቡ።

3ቱ ቀን አልፎ ምንም ካልታየ ውሃውን ወደ ቀድሞ ሙቀቱ መልሱ፣ 1 ሳምንት አሳርፉ፣ ከተራ ቁጥር 1 ጀምራችሁ ድገሙ። ሙቀቱን እያከታተላችሁ ከማውረድ ታቀቡ፤ ዓሣው ይታመማል እንጂ አይወልድም።

ደረጃ 8፦ እንቁላሉን አንሡ

ሲጨርሱ ወላጆቹ ራሳቸው ይበሉታል። ማሳደዱ ከቆመ በኋላ 1 ሰዓት ጠብቁ፤ የእንቁላሉ ልባስ ጠንክሮ ጣት ይችላል። ወላጆቹን ለማዘናጋት ምግብ ጣሉላቸው። ከዚያ እንቁላሉን በጣታችሁ ጫፍ መስታወቱ ላይ ቀስ ብላችሁ አንከባሉት፤ ጣታችሁ ላይ ይጣበቃል። አሮጌ የፕላስቲክ ካርድም ይሠራል። ቅጠል ላይ የተለጠፈውን ከነቅጠሉ ቁረጡት።

ኤኔውስና ፓሌያተስ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ሊጥሉ ይችላሉ። ሁሉንም ለማሳደግ አትሞክሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ 40 አንሡ፣ የቀረውን ተዉት።

ደረጃ 9፦ እስኪፈለፈል ከሻጋታ ጠብቁት

1. ዕቃውን ከዚያው አኳሪየም በቀዳችሁት ውሃ ሙሉ። ሌላ ውሃ አይሁን።
2. እንቁላሎቹን ሳይደራረቡ በትኑ። ክምር ውስጥ አንዱ ከሻገተ ጎረቤቶቹን ይዞ ይሄዳል።
3. ውሃው እንዲንቀሳቀስ፣ እንቁላሉ ግን እንዳይንከባለል አድርጋችሁ የአየር ድንጋይ አስገቡ።
4. ሜቲሊን ብሉ (ሻጋታን የሚከላከል ሰማያዊ ፈሳሽ) ካገኛችሁ ውሃው የጠራ ሰማይ እስኪመስል ድረስ በጠብታ ጨምሩ። በትልቁ አኳሪየም ውስጥ እንዳታፈስሱት፤ የማጣሪያውን ባክቴሪያ ይጎዳል።
5. ጠዋትና ማታ እዩ። ጤነኛው ከቀን ቀን ወደ ሻይ ቀለም ይጠቁራል፤ ነጭ የሆነውን ወዲያው በሲሪንጅ አውጡ።
6. ከ3ኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ግማሹን ውሃ ከወላጆቹ አኳሪየም በቀዳችሁት ተኩ፣ ሰማያዊው እየሳሳ ይሂድ።

በ25 ዲግሪ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ አንድ ሳምንት አካባቢ ይወስዳል።

በ1ኛው ቀን ሁሉም ነጭ ከሆነ ጥፋቱ የሻጋታ አይደለም፣ ወንዱ አላዳበረውም። ወንዶቹ ልጆች ናቸው ወይም ያንሳሉ። የመጀመሪያ ጣይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤ በቀጣዩ ይሻሻላል።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ እኔም የወደቅኩት እዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹን 60 ጫጩቶቼን ያጣሁት በአንድ ሌሊት ነበር። በተፈለፈሉ ማግስት፣ ይራባቸዋል ብዬ፣ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል አሽቼ ሰጠኋቸው። ጠዋት ውሃው ወተት መስሎ ጫጩቶቹ ወለሉ ላይ ተዘርግተው ነበር። አልተራቡም ነበር፤ ሆዳቸው ሥር የራሳቸው አስኳል ነበራቸው።

*ቀን 1 እና 2።* ምንም አትመግቡ። ሆዱ ሥር ያለው ከረጢት እስኪጠፋ ጠብቁ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ 1 ወይም 2 ቀን ይጨምራል። ባዶ የእንቁላል ልባሶችን በሲሪንጅ አውጡ።

*ከቀን 3 ጀምሮ።* ሕይወት ያለው ደቃቅ ምግብ ስጡ፣ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ በጣም ጥቂት ጥቂት። ሁለት ምርጫ አላችሁ።

ማይክሮዎርም (በጣም ደቃቅ ነጭ ትል)፦ ወፍራም የአጃ ገንፎ አገንፉ፣ አቀዝቅዙ፣ በክዳናም ዕቃ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘርጉ። በላዩ ቁንጥር የዳቦ እርሾ ነስንሱና ከሌላ አርቢ ያገኛችሁትን አንድ ማንኪያ ዘር ትል ጨምሩ። ክዳኑን ብሱት። በሳምንት ውስጥ ትሎቹ ግድግዳውን ይወጣሉ፤ በጣታችሁ ጠርጋችሁ በውሃ በጥብጣችሁ ስጡ። በየ3 ሳምንቱ አዲስ ገንፎ ላይ አዛውሩ። እንቁላሉ ሳይጣል በፊት መጀመር አለበት።

አርቴሚያ (በጨዋማ ውሃ የሚኖር ደቃቅ የሽሪምፕ ዘመድ)፦ ለ1 ሊትር ውሃ 25 ግራም ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአርቴሚያ እንቁላል፣ ጠንካራ አየር፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ። ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይፈለፈላል። አየሩን አቁሙ፣ ቅርፊቱ ሲንሳፈፍ ብርቱካንማውን ከታች ሳቡ፣ በደቃቅ ጨርቅ አጥልላችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ስጡ። በደጋ ሙቀቱን ማግኘት ያስቸግራል፤ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አስቀምጡና ውሃውን እየለኩ ቀያይሩ።

*በየቀኑ፣ ሳይታለፍ፦*

1. ከመመገባችሁ በፊት ያለፈውን ትራፊ በሲሪንጅ ሳቡ።
2. በቀን አንድ ጊዜ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። አዲሱ ውሃ ከ1 ዲግሪ በላይ ልዩነት አይኑረው። የወላጆቹ አኳሪየም ውሃ ልኬቱ ደህና ከሆነ ከሁሉም ይሻላል።
3. በቱቦ ስትስቡ ጫፉን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ጫጩት እንዳይሄድ። የሳባችሁትን ነጭ ባልዲ ላይ አቆዩና ከመድፋታችሁ በፊት እዩ።
4. በየ3 ቀኑ ጫጩቶቹን በኩባያ እየቀዳችሁ ወደ ሁለተኛው ንጹሕ ዕቃ አሻግሩ። የመጀመሪያውን በፈላ ውሃ አለቅልቁት፣ ሳሙና አይንካው።

የዕቃው ወለል ባዶ ከሆነ በ2 ቀን ውስጥ የሚያዳልጥ ንፍጥ ይሠራል፤ ጫጩቱ ደግሞ ሆዱን እዚያ ላይ አሳርፎ ነው የሚውለው። ባዶ ወለልን የሚመርጡ አርቢዎች አሉ፣ ለማጽዳት ይቀላልና። እኔ ግን 2 ሚሊ ሜትር ያህል የታጠበ ደቃቅ አሸዋ አነጥፋለሁ፣ 2 ወይም 3 ትንንሽ ቀንድ አውጣም እጨምራለሁ፤ ትራፊውን ይበላሉ። ከዚህ በኋላ የሚሞትብኝ ጫጩት በጣም ቀንሷል።

ጫጩት ከሆዱ ሥር ከቀላ ወይም ጭራው ነጭ ከሆነ፣ ወለሉ ቆሽሿል ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ሁሉንም ወደ ንጹሕ ዕቃ አሻግሩ፣ የዚያን ቀን ምግብ በግማሽ ቀንሱ፣ ለ3 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ቀይሩ። መድኃኒት አታድርጉ፤ እዚህ ዕድሜ ላይ ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱ ፈጥኖ ይገድላቸዋል።

ደረጃ 11፦ ወደ ትልቁ አሻግሩ

በ2ኛው ሳምንት መጨረሻ 1 ሳንቲ ሜትር ይጠጋሉ። ያኔ የበሰለ ስፖንጅ ወዳለው 20 ወይም 30 ሊትር ዕቃ አዛውሯቸው፤ ውሃ መቀየሩን ወደ በየ2 ቀኑ አሳሱ፤ ተፈጭቶ የሚሰጥም ደረቅ ምግብ አለማምዷቸው። ከ8 ሳምንት ገደማ በኋላ 2 ሳንቲ ሜትር ሲሞሉ ከወላጆቻቸው ጋር መቀላቀል ይችላሉ።

ለሌላ ሰው ስትሰጡ ከመውጣታቸው በፊት 24 ሰዓት አትመግቧቸው። ከረጢቱን አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛ አየር አድርጉ፤ ሁለት ከረጢት ደርቡ፣ የታችኛውን ማዕዘን በፕላስተር አጥፋችሁ ለጥፉ፣ እሾሁ እንዳይበሳውና ጥግ ላይ ተጣብቀው እንዳይታፈኑ። ከ6 በታች አትስጡ። ተቀባዩ አሸዋ ማንጠፉንና ማጣሪያው ስንት ሳምንት እንደሠራ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁት፤ ገና ከሆነ ጫጩቶቹን እናንተው ጋ አቆዩለትና ያገለገለ ስፖንጅ ስጡት።